ጀርባ የሌለው ድምፅ

ሙባረክ፣ ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ ካለች ጠባብ ሱቁ፣
ሁለት ድምፅ ማጉያ ሠራ፣ ዘበኛ መስለው የሚጠብቁ፤
የውኃ ቱቦ ቆርጦ አቆመ፣ ሆዱን በጥጥ ጠቀጠቀው፣
አፉን ወደ ጣራ አቅንቶ፣ እንደሚያዛጋ ሰው ከፈተው፤
ከአፉም በላይ፣ ከእንጨት የጠረበውን ሾጣጣ ቁልቁል ሰቀለ፣
«ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ ይህን ይመታና
ዙሪያውን ይፈስሳል» አለ።
«ፊቱስ የቱ ነው?» ብለው
«ፊት የለውም» አለኝ፣ «ጀርባም የለው።»

በሚኒባስ ጫንናቸው። ደንገጎን ስንወጣ
በየመታጠፊያው አቀፍኳቸው፣ እንደ ታመመ ልጅ።
ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ፣ «ቁመታቸው የሰው ነው» ብሎ፤
ሾፌሩ በመስታወት ሳቀብኝ፣ መሪውን በአንድ እጁ ጥሎ።
በሰንጋ በር ገባን፤ ግንብ ለግንብ እየታከክን
ሐጂ ኡመርዲን ቤት አደረስናቸው፣ ጫማችንን ደጅ አውልቀን።

ያ ቤት ደረጃ አለው፣ ለመቀመጥም ለመስማትም።
ላይኛው መደብ የአባወራው ነው፣ አሚር ነደባ፣ በሩን የሚያይ፤
ቀጥሎ ትልቁ፣ ቀጥሎ ትንሹ፤ ከበሩ ኋላም አንድ አለ፤
ጥግ ላይ ደግሞ ሱትሪ ነደባ፣ ከዓይን የተከለለ።
አሮጌው ሣጥን አርባ ዓመት ሙሉ
ፊቱን ወደ አሚር ነደባ አዙሮ ዘፈነ።
ዘፋኙ ለሐጂ ከትራሳቸው ፊት፣ ሁለት ክንድ ርቆ ይቆምላቸዋል፤
ትንፋሹን ሲስብ፣ ከንፈሩን ሲያርስ ይሰማቸዋል።
ለሌላው ትርፉ ነበር። ለሱትሪ ነደባማ
ድም፣ ድም ብቻ፣ ወፍራም ወፍራሙ፣
የቃል ቅርፊት እንጂ ፍሬው የማይደርስበት፤
እህታቸው ረውዳ ተቀምጣ ስፌት የምትሰፋበት።

አቆምናቸው። ሙባረክ ካሴቱን አስገባ።
እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፤
ሹል ነገር የለም፣ የሚወጋ የለም፣
ዘፋኙን «ይኸው እዚህ» ብዬ በጣቴ የምጠቁምበት የለም።
ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ሳህኖች አንዷ፣ ባለ አበባዋ፣
ቤዝ ጊታሩ አንድ ቦታ በደረሰ ቁጥር ዝዝዝ አለች፤
ሙባረክ ቱቦውን ከግንቡ አንድ ስንዝር አራቀው፤ ዝም አለች።
ከዚያ ተነሥቼ ዞርኩ።
በሩ አጠገብ ያው ነው። መደቡ ሥር ያው ነው።
ኋላው ልቆም ቱቦውን አለፍኩት፤ ኋላ የለውም።
እንደ ድሬ ሙቀት ነው፣ ከየት መጣ አይባልም፤
ገብተህበት ትገኛለህ እንጂ።

ሐጂ ግን ተቆጡ። «ሰውዬው የት ሄደ?» አሉ፤
«እዚህ ነበር የሚቆመው፣ ፊቴ!
አሁን ቤቱን ሁሉ ሞላው፣
እኔ ዘንድ ግን የለም።»
ሙባረክ አንገቱን ደፋ። እውነታቸውን ነበር፤
ለሁሉ የሚደርስ ድምፅ ላንድ ሰው አይሰግድም።

ያኔ ነው ከሱትሪ ነደባ ወስፌ የወደቀው።
«መልሰው» አለች ረውዳ።
መለሰው።
«አሁንም መልሰው።»

የዘፈኑ ማሰሪያ አንዲት ቃል ናት፣ ሦስት ጊዜ የምትደገም።
ሠላሳ ዓመት፣ ከዚያ ጥግ ሆና፣ ቅርፊቱን እየሰማች
«ጠብቂኝ» የሚል መስሏት ነበር።
«ጠይቂኝ» ነው የሚለው።
አንዲት ፊደል። ከሣጥኑ አፍንጫ ሥር የቀረች፣ ቀጭን፣
ማእዘን መዞር የማይሆንላት ፊደል።

ማንን እንደጠበቀች አላወቅሁም፤
በዚያ ቤት የሚያውቅ ካለም አልተናገረም።
ጎንበስ ብላ ወስፌዋን ከቀዩ ወለል አነሣች፤
በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ።
ካሴቱ አልቆ ቀጭ አለ።

ከዚያ፣ ወንድሟ ሳይናገር፣
ከጥጉ ብቅ ብላ
«ሙባረክ» አለች፣ «ዋጋው ስንት ነው?»
ሐጂ ትራሳቸውን አስተካከሉ።
ሙባረክ እኔን አየኝ፤ እኔ ሳህኗን።
«ለራሴ ነው የምጠይቅህ» አለች።