የሌዳሞ መስታወት

ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣ ከዓሣ ቤቱ ጎን፣
ሁለት ወንበር ያላት የሌዳሞ ሳሎን፤
ባለሁለት ፊት ነበር ክቡ መስታወቱ፣
ዝርግ ነው አንድ ጎኑ፣ ስርጉድ ሌላው ፊቱ።
ዝርጉን ለደንበኛ፣ ልኩን ለጠየቀው፤
ስርጉዱን አባቴ ለራሱ ደበቀው።

ራሱ መላጣ ነው፣ ጢሙ ግን ችፍግ ያለ፣
«ፀጉሬ መንገድ ስቶ አገጬ ላይ ዋለ»
ይል ነበር ሲስቅ።

ከትከሻው በላይ አንገቴን አውጥቼ፣
አየው ነበር ፊቱን በጣም ተጠግቼ፤
የጉንጩ ቀዳዳ የጉድጓድ አፍ ሲያህል፣
የምላጩ ጭረት እንደ ገደል ሲከፈል፤
ቀጥ ብሎ፣ ገዝፎ፣ ከመስታወቱ ጀርባ
ሌላ ትልቅ አባት ግድግዳው ውስጥ ገባ።

ወደ ኋላ ስሄድ፣ አንድ ክንድ ሳልሞላ፣
ፊቴ ተነፋፍቶ ሆነ የጉም ገላ።
«ጠፋሁ!» አልኩ በድንጋጤ። አባቴ ሳይዞር
«ራቂ፣ ትመጫለሽ» አለኝ፣ እንደ ዋዛ ነገር።

እስከ በሩ ራቅሁ።
መጣሁ፤
ግን ተዘቅዝቄ፣ እንደ ለውዝ አንሼ፤
ከኋላዬ ሐይቁ ከሰማይ ተሰቅሎ፣
ሰማያዊው ባጃጅ በጣራው ተንከባሎ፣
አባ ኮዳ እንኳ፣ ያ ኩሩ ቆሞ አዳሪ፣
ሆነ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥሎ ኗሪ።

አሥረኛ ክፍል ነው። መብራት ጠፍቷል ያን ቀን።
መምህርት ሩማሾ ሻማ ለኩሳልን
ከስርጉዱ ማዶ ወረቀት አቆመች፤
ነበልባሏ ዞራ፣ ቁልቁል ተደፍታ፣ ወረቀት ላይ ወደቀች።
ከሩቅ ትንሽ ነበረች፤ ስትቀርብ አደገች፤
የኩርባው ማዕከል ላይ ከምስሏ ተካከለች፤
ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ከራሷ በለጠች፤
የትኩረት ነጥቡ ላይ፣
በቃ፣ የለም፣ ጠፋች።
ከዚያ አልፋ ብትቀርብ ከወረቀት የለች፣
መስታወቱ ውስጥ ግን ቀጥ ብላ ገዘፈች።

«ወረቀት የሚይዘው እሱ እውን ምስል ነው፤
ከጀርባ የሚታየው፣ ቀጥ ያለው፣ ምናብ ነው።»
ጻፍኩት። ፈተና ላይም እንዳለችው መለስኩ፤
ግን እስከ ቤት ድረስ ከራሴ ተሟገትኩ፦
ያ ግዙፉ አባቴ፣ ከግድግዳው ያለው፣
እሱ ነው ምናቡ?
የተዘቀዘቀው ነው እውነተኛ ሰው?

አሁን እጁ ይርዳል፤ ምላጩ የእኔ ሆኗል።
የቅርቡን አያይም፤ ዓይኑ ሩቅ ለምዷል።
«ገፋ አርጊው» ይለኛል፣ ክቡን ይዤ ሳለሁ፤
አንድ ክንድ ገፋሁት፤ «ጉም ነው» አለኝ፣ «የለሁ።»
«ላርቀው፣ ትመጣለህ» አልኩት በራሱ ቃል፤
እስከ በሩ ስሄድ
ተዘቅዝቆ መጣ፣ አውራ ጣቴን ያህል፣
መላጣው ከታች ነው፣
አገጩ ከነአረፋው አናቱ ላይ ወጥቷል።

ሳቁ ወንበሩን አናጋው፦
«ይኸው! በቀለልኝ! ተመለሰ ፀጉሬ!
ምላጩን አስቀምጪ፤
አልላጭም ዛሬ።»