መዘውር

ወንድይፍራው ብትሉ ማንም አያውቀውም፤
መዘውር ስትሉ ግን ጠባሴ ዝም አይልም፤
አንዱ «ያ እብድ» ይላል፣
አንዱ ኮፍያ ያነሳል፣
ወይዘሮ ጥሩሰው እስከ ዛሬ ድረስ፦
«ሰው እንዴት ይዘፍናል ቤት እንደሚፈርስ?»

እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ከዚህ ስም በፊት፣
ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ በሦስተኛው ፈረቃ ሌሊት።
እኔ ክር እቀጥላለሁ፣ እሱ ዘይት ይቀባል፤
በጆሯችን ጥጥ አለ፤ እሱ ጥጡን ያወጣል።
በጣት ነው የሚያወራኝ፣ አፍ እዚያ ምን ሊረባ፦
«አሥራ አራት ቁጥርን ስሚያት፣ ምቷን ዘልላ ስትገባ!»
እኔ የምሰማው ራስ ምታቴን ነበር፤
እሱ ግን አንድ ነገር ለቀመ ከጥርሷ ሥር።

ሳንዮ ቴፕ ገዛ በሁለት ወር ደሞዝ፤
ለዘበኛው አረቄ፣ ለእኔ «ዝም በይ» የሚል ትእዛዝ።
ሌሊቱን ቀድቶ ወጣ፤ ከዚያማ በምላጭ
ክሩን ሲቆርጥ፣ ሲያጣብቅ ነጋበት፣ ውጭው ነጭ ውርጭ።
የኔን ሙያ ሰረቀኝ፤ ያው መቀጠል አይደል፣
እኔ ሱፍን ከሱፍ፣ እሱ ጩኸት ከጩኸት ሲፈትል?
በደቂቃ መቶ ሰማንያ ምት!
እንኳን እስክስታ፣ ልብም አይደርስበት።

የጥሩሰው ልጅ ሠርግ፣ ጥር አሥራ ሁለት፣
ጄኔሬተር ተከራዩ፣ እሱን ከነቴፑ ጠሩት።
ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሰው እንደ ድንጋይ ቆመ፤
ሚዜው ትከሻውን ሞክሮ መሀል ላይ ደከመ።
አንድ ሽማግሌ ተነሱ፣ ዱላቸውን ይዘው፣
«የወፍጮው ቀበቶ ተበጥሷል፣ ሂዱና አጥፉት!» ብለው።
ሳቀ። ገንዘቡን ከልክለው ስም ብቻ ሰጡት፤
«መዘውር!» እያሉ ልጆች እስከ በሬሳ ሸኙት።

ማን ለመደው መሰላችሁ? የከባድ መኪና ሹፌር።
ጣርማበር ላይ ጉሙ መስታወት ሲያሳውር፣
እንቅልፍ ከመሪው ጋራ ሲደራደር፣
ትዝታ ቢከፍት ገደል፣
አንቺ ሆዬ ቢከፍት ገደል፤
የመዘውርን የከፈተ ግን ዓይኑ ፈጦ ደብረ ሲና ይደርሳል።
ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «ፈረቃ ሦስት» ብሎ ጻፈ፤
ኮምቦልቻ፣ ሚሌ፣ አሰብ፣
እግሩ ያልረገጠውን አገር ድምፁ አለፈ።

ከዚያ ብዙ ዓመት ዝም። ፋብሪካው ማሽን ቀየረ፤
አዲሶቹ አይጮሁም። የአሥራ አራት ቁጥር ብረት በኪሎ ተቸረቸረ።
አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲው ሦስት ልጆች መጡ፣
ላፕቶፕ ያነገቱ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።
«አባባ፣ ይሄ እኮ ሃርድኮር ቴክኖ ነው» አሉት፤
ጆሮው ከብዷል፤ እኔ ነኝ በጣት የነገርኩት፣
እንደ ድሮው፣ እንደ ፈረቃችን።
«ለምን እንዲህ ፈጠነ?» አንዷ ጠየቀችው፤
አሰበ፣ አሰበና፦
«ብርድ ነው» አላት፤ «ብርድ ነው።»

ባለፈው ቅዳሜ፣ ባዶ የሱፍ መጋዘን ውስጥ
አራት መቶ ልጅ ዘለለ፣ ውርጩ ከቆርቆሮው እስኪቀልጥ።
እሱ አይሰማም። መዳፉን ድምጽ ማጉያው ላይ ለጠፈና
እንደ አዋላጅ ዘንበል ብሎ አዳመጠና
ቀና አለ፤ በመብራቱ መሀል እኔን ፈለገ፤
አሥር ጣት ዘረጋ፣ ከዚያ አራት አደረገ።

ጥጤን ከጆሮዬ አወጣሁ።

ሰማኋት። ምቷን ዘልላ ስትገባ ሰማኋት፣
አርባ ዓመት ሙሉ ራስ ምታት ያልኳት።