ከአንድ እስከ አምስት

ታርቱ ላይ ታኅሣሥ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሽቷል፣
ከዩኒቨርሲቲው ያ ቅጽ ዳግም መጥቷል።
«ባልዎን ከአንድ እስከ አምስት ይመዝኑ፤
እሳቸው እንዳያዩ ለብቻዎ ይሁኑ።»

«ቶሎ ይቆጣሉ?» ይላል ሰባተኛው መስመር፤
የዛሬ ሃያ ዓመት አምስት ብላ ነበር።
ያኔ ቬሎ በር ሲዘጋ ልስን ይራገፋል፤
ዛሬ ዓሣ ሲጠብስ ለድመቷ ያወጋል።

ማይሙ እርሳስ ቀርጻ ሁለትን ከበበች፤
ከዚያ አመነታች።
እሱ ነው የበረደ፣ ወይስ እኔ ደንቁሬ?
ማንን ነው የለካሁ፣ ያኔም ሆነ ዛሬ?

«ስሕተት አይደለም» አለች ሊስ፣ አጥኚዋ፣ በስልኩ፤
«እርስዎም እሳቸውም አብራችሁ ነው የምትለኩ።
ለዚህ ነው ብዙ ሰው፣ ብዙ ዓመት የምንጠይቅ፤
በአንድ ዓይን ተለክቶ ሰው ስለማይታወቅ።»
(ሊስ ባል የላትም። ሃያ አራት ዓመቷ ነው።)

ጓዳ ውስጥ ሳህን ወደቀ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አለች፤ ጠበቀች ጩኸቱን፤
አራት ላይ ሰማችው፣ ሲያባብል ድመቲቱን።
ተነሥታ ላጲስ ፈለገች፤
የቱን ቁጥር ልትተካ፣ ገና አልወሰነች።