መጅ

ግንቦት ሲገባ ጅማ፣ ሰማዩ አያርፍም፤
ቆርቆሮን ሲደበድብ ለማንም አያዝንም።
ስድስተኛ «ለ» ውስጥ ሰማንያ አራት ሆነው፣
አራት ባንድ ዴስክ ላይ ተጣብቀው ታምቀው፣
እኔ ሰሌዳው ጥግ፣ ጠመኔ እጄ ላይ፣
ከጣሪያ ጋር ስጮህ ከዝናቡ በላይ፣
«ክፍልፋይ ማለት...» ብዬ ገና ሳልጨርሰው
ሰማይ ጣልቃ ገብቶ ዓረፍተ ነገሬን ቆረሰው።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ከቆርቆሮ ጋራ
ተጨቃጨቅን፤ እሱ አንድ ቀን ሳይፈራ
እኔ ተረታሁ።
መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣
አንድ ሰኞ ጧት «እንደምን አደራችሁ» መሃል ላይ አለቀ።

ሚዛን ያለች ልጄ ደወለች አንድ ማታ።
«ሃሎ» አልኳት። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣
እማዬን ያገናኙኝ።»
ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ፤
«እኔው ነኝ» ለማለት የሚበቃ ድምፅ አጣሁ።

ሰፈሩ አዋጣልኝ፦ ዝንጅብል፣ ማር፣ ጤና አዳም፤
አንዷ «ዓይን ነው» አለች፤ አልተከራከርኳትም፤
በምን ድምፄ?

ሆስፒታሉ ኋላ፣ ከጆሮ ክፍል ጎን፣
ጠባብ ክፍል አለች ለሁለት ሰው የምትሆን።
«ሲቲና እባላለሁ» አለችኝ፤ መለሎ ናት፣
ተማሪዬ ብትሆን ከኋላ የማስቀምጣት።
አፌን ከማየቷ በፊት ኑሮዬን ጠየቀች፤
ማታ ቃር ይለኝ እንደሁ፣ ቤት ማን ላይ እንደምጮህ፣ ሁሉን መዘገበች።
«በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ?»
«ትምህርት ቤት ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው» አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ፤ አሰመረችበት።

«ትንፋሽሽ እስኪያልቅ ‹አ› በይ» አለች፣ ሰዓቷን ተጭና።
ድምፄ እንደ ባጃጅ የጅሬንን ዳገት ሊወጣ ተነሣና
ስድስት ሰከንድ ላይ ጠፋ።
«ስ»ን አስራ አምስት ቆየሁ፤ «ዝ»ን ግን ሰባት።
«አየሩ አለ» አለች፣ «በሩ ነው ክፍተት ያለበት።»
ስንት ዘመን ሀ ሁ ያስቆጠርኩ፣
ከ«ስ» እስከ «ዝ» መንገድ እንዳለ ያን ቀን አወቅኩ።

ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ ወረደ። ስክሪኑ ላይ
ሁለት ነጭ ክሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤
ወገባቸው ላይ ግን እብጠቶች አሉ፣
ፊት ለፊት የቆሙ፣ ሰሊጥ የሚያካክሉ።
«ካንሰር?» ብዬ ጻፍኩላት።
«መጅ ነው» አለችኝ፣ «አናጺ መዳፍ ላይ እንዳለው።»
አባቴ አናጺ ነበር። መዳፉን አውቀዋለሁ።
ለካ በጉሮሮ በኩል ወርሼዋለሁ።

መርፌ የለም፣ ሽሮፕ የለም፤ ብርጭቆ ውሃና ስትሮ፤
«‹ኡ› እያልሽ ንፊበት።» ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ፣ እንደ ሽሮ።
በአርባ ስድስት ዓመቴ ከንፈሬን እንደ ፈረስ አርገበገብኩ፤
«ለምለም፣ ሎሚ፣ ማሚቶ» ስል አፍንጫዬን ሲነዝረኝ ሳቅኩ።
«ቀ፣ ጠ፣ ጨ ላይ ቀስ በይ፣ እነሱ በር ደብዳቢ ናቸው፤
ሹክሹክታም ይቅርብሽ፣ ክሮቹን ነው የሚጨርሳቸው።»
ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉኝ ነው ያደግኩት፤
እኔ ግን በቀን ሦስቴ እንደ ኪኒን ዋጥኩት።

ፈቃድ በወረቀት ስጠይቀው፣ ርዕሰ መምህሩ «የቱ ጋ ነው?» አለ፤
ፋሻ ያልታሰረ ሕመም ቅጹ ላይ ስለሌለ።

ነስሩ፣ የክፍሉ ጯሂ፣ ከአጂፕ ቸርኬ አመጣ፤
መስኮቱ ላይ ሰቀልነው፤ የመምቻው ዕጣ ለሱ ወጣ።
አሁን ዝናብ ሲመጣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤
እነሱ ያነባሉ፤ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።
ይናገር፤ በዕድሜ ይበልጠኛል።

ስምንተኛው ሳምንት «አ» አስራ ሁለት ሰከንድ ዘለቀ፤
የቀኙ ሰሊጥ ቢቀንስም የግራው እንደተጣበቀ።
ሲቲና አላጨበጨበችም። «ሐሙስ ነይ» አለች ብቻ።

ማታ ሚዛን ደወልኩ። ከሆዴ ተነፍሼ፣
ድምፄን እከንፈሬ ላይ አስቀድሜ አድርሼ፣
«ሃሎ» አልኩ፣ ሳልገፋ።
ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ልዘጋው ስል
«እማ» አለች፣ «ጉንፋን ይዞሻል?»
«ትንሽ» አልኳት።