ግራ አርባ አንድ፣ ቀኝ አርባ ሦስት

ማሰልጠኛ ልገባ አራት ቀን ሲቀረኝ፣
የምልመላው ጸሐፊ ጠርቶ አስጠነቀቀኝ፦
«ሌላው እዚያ አለልህ፣ ቀበቶና ልብሱ፤
ከስክሱን ግን ግዛ፤ ያጥራል እሱ እሱ።
በልክህ ይሁን ደግሞ። ባለፈው ዙር አንዱ፣ ጎበዝ ልጅ ነበረ፣
ተረከዙ ተልጦ በሦስት ቀን ቀረ።»

የኔ እግር ደግሞ ጥንድ አይደለም።
ግራው አርባ አንድ ነው፣ እናቴ እንደወለደችው፤
ቀኙ አርባ ሦስት ነው፣ ኮምቦልቻ እንዳደረገችው።
ረዳት ሆኜ ሳለሁ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
አይሱዙው ወጣበት ወደ ኋላ ሄዶ።
ወጌሻው አሸልኝ፤ አጥንቱ ገጠመ፣
ስፋቱ ግን ቀረ፣ ዳቦ አክሎ ከረመ።
የምርመራው ዕለት ካልሲ አላወለቅሁም፤
ሐኪሙ አልጠየቀ፣ እኔም አልነገርኩም።

ደሴ ገባሁ ሰኞ፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፤
ሰኞ ገበያ ላይ ሰልቫጁ ተዘርግፏል።
አንዱን ብሞክረው ግራዬ ዋኘበት፤
ሌላውን ብሞክር ቀኜ ተጨነቀበት።
«ቆዳ ነው፣ ይለምዳል» አለኝ ነጋዴው።
ማን ማንን እንደሚለምድ አልነገረኝም።
«ጋዜጣ ጠቅጥቅበት» አለኝ ሌላኛው፤
ጋዜጣ ተጫምቶ ዳገት ማን ወጣው?

ከሰልቫጁ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ተጠግተው፣
ጫማ ሰፊው ጋሽ ይብሬ፣ ወስፌ በእጃቸው፣
ክር በጥርሳቸው፣ ራዲዮ በጉልበታቸው።
«ካልሲህን አውልቅ» አሉ።
አወለቅሁ።
እግሬን አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት፤
እንደ ሕፃን ፊት አገላብጠው አዩት።
አልሳቁም።
በሲባጎ ለኩኝ፤ ቋጠሮ ቋጠሩ፣
ለግራዬ አንድ፣ ለቀኜ ሁለት።
ብር ላወጣ ስል እጄን ያዙት፦
«አሁን አትግዛ። የጠዋት እግር ውሸታም ነው።
ፒያሳን ውጣ፣ ቧንቧ ውሃን ዙር፣ እስከ ሮቢት ተሻገር፤
ሲደክምህ ተመለስ፤ እግር ሲያብጥ ነው እውነት የሚናገር።»

ዞርኩ። የማውቀው ሰው ሳላይ፣ ሳልቀመጥ ዞርኩ።
ስመለስ መሽቷል፤ እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤
ጋሽ ይብሬ ፊት ሁለት ጥንድ ተደርድሯል፦
አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ቆዳ፣ አንድ ቀለም።
«ከዚህ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን፤ ሌላ መላ የለም።»

የሁለት ጥንድ ብር አልነበረኝም።
የአንዱም ቢሆን በጭንቅ ነው።
«የአንዱን ክፈል» አሉ፣ «የተረፈው የኔ ነው።»
«ማን ይገዛዎታል? ግራው አርባ ሦስት፣ ቀኙ አርባ አንድ?»
ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።
«አላህ አንተን ሲሠራ መልስህን ሳይሠራ አይተውም፤
የሆነ ቦታ አለ፣ መስታወት ውስጥ እንዳለው አንተ፣
በግራው የሚያነክስ። ይመጣል። አብሽር።»

ማሰሪያውን ራሳቸው አሰሩልኝ፣
ቁልቁለቱን አስወረዱኝ፣ ዳገቱን አስወጡኝ።
ጣቶቼ ተዘረጉ፤ ተረከዜ አልሸሸም፤
ከዚያች የኮምቦልቻ ጠዋት ወዲህ
ሁለቱ እግሮቼ ለመጀመሪያ ጊዜ
አንድ ዓይነት ድምፅ አወጡ።

ይኸው አሁን፣ ጓዱ ሁሉ ተኝቶ፣ ከስክሴን ስቀባ፣
የዚያ የተረፈው ነገር ሐሳቤ ውስጥ ገባ።
መጥቶ ይሆን ባለቤቱ?
ዘበኛ ነው? ግንበኛ? ወይስ እሱም እንደኔ
ሊሰለፍ ነው፣ በየት በኩል እንደሆነ እንጃ?
አንድ ቀን በጠባብ መንገድ ፊት ለፊት ብንቆም፣
ዓይኔ ወደ ፊቱ መጀመሪያ አይሄድም፤
እግሩን ነው የማየው።
የጫማዬን ግማሽ አውቀዋለሁ፤
የሲባጎውን ልክ፣ የጋሽ ይብሬን ስፌት አውቀዋለሁ።
ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ
እዚህ እስካሁን አላስተማሩንም።

አንዳንድ ሌሊት ታዲያ ባይሸጥ እላለሁ።
እዚያው ቆርቆሮው ስር፣ ራዲዮው አጠገብ፣
ጋሽ ይብሬ አቧራውን እያራገፉለት፣
ምላሱን አውጥቶ
ሰው ይጠብቅ።