ሞላ

አዘዞን አለፍ ሲል፣ መገጭ ከሚዞርበት፣
ከድልድዩ እግር ሥር ቆሟል አንድ ብረት፣
እንደ ተማሪ ማስመሪያ ቁጥር የተጻፈበት።
ጋሽ ይርሳው ያነበዋል፣ ጧት ማታ በአሥራ ሁለት፤
ደብተሩ ላይ ሲያሰፍር ብዕር አይነካም፣ በእርሳስ፤
«ብዕር ሆደ ባሻ ነው፣ ጠብታ ሲነካው የሚፈስስ።»
በጋ ላይ እንስቅበት ነበር፦ «ዛሬስ ስንት ጠጠር ወረደ?»
እሱ ዜሮዋን ጽፎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

አንድ ልጅ ነበረው፣ ሞላ የሚሉት፣
ባጃጅ ነድቶ ከማራኪ የሚገባ በውድቅት።
አባት ደጅ ቆሞ ሲጣራ፣ ሰፈሩ ለምዶታል፤
«ሞላ! ኧረ አንተ ሞላ!» ሲል ውሻው እንኳ ይተኛል።

ያን ዓመት፣ ከሐምሌ አቦ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ
ቆርቆሮው ዝም አላለም፤ እንጨቱ ሻገተ፣ ልጆቹ ሳሉ።
መሬቱም፣ በቃኝ እያለ እንደሚቀዳለት እንግዳ፣
የተሰጠውን ሳይጨርስ ይመልሰው ጀመር ወደ ሜዳ።
በአሥራ አንደኛው ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት አልፎ፣
ጋሽ ይርሳው ባትሪ ይዞ፣ ሱሪውን አጥፎ፣
ብረቱን ሊያይ ወረደ።
ብረቱ የለም።
ጮኸ፦ «ሞላ! ሞላ! ሞላ!»

ሰማሁት እኮ። ሁላችን ሰማነው።
ጋቢዬን ጆሮዬ ላይ ሳብኩና፣ «ልጁን ነው» አልኩ፣ «ልጁን ነው።»
አንድ ሰው ብቻ ተነሣ፣ ስሙ የተጠራው፣
ጫማውን ግራ ቀኝ አምታቶ፣ «አቤት!» እያለ፣ ወረደ ወደ ጠራው።

ጎርፉ ከእኔ አልጋና በግ፣ ከተዋበ ግድግዳ ወሰደ።
በሦስተኛው ቀን አንድ ጫማ ደምቢያ ድረስ ብቻውን ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ይርሳው ያቺን ቃል አይናገርም፤
ለማድጋው «በቃው» ይላል፣ ለአውቶቡሱ «ቦታ የለም»።

እኛም ዕድር ቤት ተሰብስበን፣ አንገታችንን ደፍተን፣
የጭነት መኪና ቸርኬ ከባሕር ዛፍ ላይ ሰቀልን።
ቸርኬ የማንም ልጅ ስም አይደለም።
ሦስቴ ሲመታ ንቁ፤
ሳያባራ ሲመታ ውጡ፣ ዕቃ አትምረጡ።
ግንቦት ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ የደፈንነውን ቦይ ከፈትን፣
መታወቂያ፣ ካርታ፣ የክትባት ካርድ በፌስታል አሥረን ከማገር አንጠለጠልን፣
እማማ ድንቄን ማን እንደሚያዝል ዕጣ ጣልን።
ለእኔ ወጣ። በልምምዱ ቀን፣ ከጀርባዬ ላይ ሆነው፦
«ቀስ በይ፣ አንቺ ግመል! አጥንት እኮ ነው የያዝሽው!»

ዘንድሮ፣ ቡሄ አልፎ፣ ዘጠኝ ቀን ሰማዩ ሲደፈን፣
ቸርኬው ጮኸ። ሦስት። ቆየና፣ ያለ ማባራት። በጨለማ ወጣን፤
እኔ አሮጊቷን፣ ተዋበ ፍየሎቹን፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገት።
ከኋላችን ግድግዳ ሲወድቅ ሰማን፤
የማን ነው ብሎ የዞረ የለም፣ አንድ ሰው እንኳ ለምልክት።

ክፍል ውስጥ ጋሽ ይርሳው ደብተሩን ገልጦ በየቤታችን ጠራን።
ሁለት መቶ አራት መሆን ነበረብን፤ ሁለት መቶ ሦስት ሆንን።
እርሳሱ አየር ላይ ቀረ።
እናት ልጇን ዳሰሰች፤ ቸርኬውን የመታው ልጅ እጁን አየ።
ቆይቶ የበሪሁን ትንሹ፣ ዶሮ ሹራቡ ውስጥ ሸሽጎ፣ ከበሩ ብቅ አለ።
ጋሽ ይርሳው ጻፈ። ቀና አለ።
ከአራት ዓመት በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም እንደማይጠራ ሰው፣
«ሞላ» አለ።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።
አቤት ያለ አልነበረም።