በዘጠና ዲግሪ

ሌሊቱን ደብረ ሲና ላይ ሲወርድ ያደረ ዝናብ
ጧት ሸዋሮቢት ደረሰ፤ ሮቢ አተላ መስሎ፣
ግንድ ተሸክሞ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ በርሜል አንከባሎ።
ድልድዩ ላይ ቆሜ ገመዱን ለቀቅኩ፣
ባጃጅ ከኋላዬ ጡሩንባውን እየነፋ።
ሥራዬ ይኼው ነው፤
ውሃ መቅዳት፣ ብልቃጡን ከውጭ መወልወል፣
ከጥቁሯ ጉድጓድ ከትቶ መክደን፣
መብራት ሰዶ መጠበቅ።

መሣሪያው ብርሃንን ፊት ለፊት አይጠብቀውም፤
በጎን ያደባል፣ በዘጠና ዲግሪ።
ቀጥ ብሎ ያለፈ፣ ስሙም አልተጻፈ፤
የሚመዘገበው፣ ደለል ያሰናከለው።
ንጹሕ ውሃ ለዚያ ዓይን ጨለማ ነው።

ይህን የተማርኩ ዕለት
የልጅነት ቤታችን የቆርቆሮ ቀዳዳ ትዝ አለኝ፤
በዚያ የምትገባ አንዲት የፀሐይ ዘንግ፣
እናቴ ወለሉን ስትጠርግ ብቻ የምትታይ።
ሌላ ጊዜም ነበረች ለካ፤
አቧራ አጥታ ነው እንጂ።

ጋሽ ሰብስቤ ማሳው ከአርማኒያ በላይ ነው፣
ከገደሉ አፋፍ፤ በሁለት ክረምት ግማሹ ወርዷል።
የወፍጮ ቺንጋ ሊገዛ መጥቶ፣
ቺንጋውን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ አጠገቤ ቆመ።
«ስንት አለ?»
«ሰባት መቶ አርባ።»
«ብር?»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
ብልቃጡን ተቀብሎኝ ወደ ሰማይ አነሳው፤
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥይት እንደሚመርጥ ሰው።
«ከዚህ ውስጥ የኔ ስንቱ ነው?»

ምን ልበለው?
መሣሪያው ወሰን ድንጋይ አያውቅ፣
ሽማግሌ አልተቀመጠለት፤
የጤፍ ማሳም ይሁን የመቃብር ጉብታ፣
ግሬደር የገመሰው የመንገድ ዳር፣
ብርሃን ከሁሉም ጋር እኩል ይጋጫል።
«ሳይደፈርስ አይጠራም» አልኩት፣ ላጽናናው ብዬ።
«ሲጠራማ» አለኝ፣ «የኔ መሬት አዋሽ ገብቶ ተኝቷል።»
ቺንጋውን አስተካክሎ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ማታ ቢሮ ብቻዬን ነኝ። መብራት ሄዶ መጥቷል።
የቀኑ ናሙና ከጠርሙሱ ሥር ዘቅጦ
አንድ ጣት ቀይ አፈር ሆኗል፤
ጎመን የሚያበቅል አፈር፣ ለሙ።
ያንኑ ብልቃጥ ውስጡን አጥቤ
የተጣራ ውሃ ሞላሁበት፣ መለኪያውን ላርም።
ዜሮ ማለት ነበረበት።
ዜሮ ነጥብ አራት አለ።
ደገምኩት፤ ነጥብ አራት።

አውጥቼ ወደ አምፖሉ አቀረብኩት፣
መስተዋቱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣
መስመሮቹ እንደ እርከን የተደረደሩ፣
አንዱ ጋ ጠባሳ የቆረጣቸው።
የኔ አውራ ጣት ጠባሳ የለውም።

ደንቡ «ይጠረግ፣ ይደገም» ይላል።
መዝገቡ ላይ፣ ከቁጥሩ ጎን፣ በእርሳስ
«ሰው ነክቶታል» ብዬ ጻፍኩ።
ጨርቁን ይዤ ትንሽ ቆየሁ።
ከዚያ ጠረግሁት።